ምዕራፍ ሰባት፦ ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ስዕል

ጥቅምት 1 ቀን ማለዳ፣ ዓለም ገና ላይ የአየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ይዣለሁ። ከፊቴ ሃያ ያህል ሰው አለ። በስተሰሜን ወጨጫ ተራራ ግማሽ ወገቡን ጉም ታጥቆ ይታያል። ከቦርሳዬ መዳፍ የምታህል ወረቀት አወጣሁና ተራራውን ሳልኩት። ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል። ጫፉ እንደ ጦር የሾለ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከፀሐይና ከጎጆ ቤት ጋር እስለው የነበረው ያው ተራራ ወጣ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ወጨጫ የሾለ ጫፍ የለውም። ረጅም ጀርባ፣ ወደ ምዕራብ ቀስ እያለ የሚወርድ ትከሻ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጉሙ የተኛበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። በዚህ ተራራ ፊት ለፊት ለዘጠኝ ዓመት በየማለዳው ቆሜያለሁ። አይቼው አላውቅም ነበር።

ይህ ምዕራፍ ለአንድ ወር በየቀኑ አንድ ስዕል ስለመሳል ነው። የምጽፈውም ሠዓሊ ለመሆን ለሚያስብ ሰው ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰበታ አድራለሁ፣ አዲስ አበባ እውላለሁ። ከወሩ ያገኘሁትና ለእርስዎም የምመኘው አንድ ነገር ነው፦ በየቀኑ የሚስል ሰው ከእጁ በፊት ዓይኑ ይለወጣል። እጅ ዓመታት ይፈልጋል። ለዓይን ወር ይበቃዋል።

ይህ የአንድ ወር ልምምድ በዓለም ላይ የታወቀው «ኢንክቶበር» በሚል ስም ነው። ጄክ ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2009 በቀለም የመሳል ችሎታውን ለማሻሻልና መልካም ልማድ ለመያዝ ሲል በኦክቶበር ወር 31 ቀን 31 ስዕል ለመሳል ተነሣ። «ኢንክ» ቀለም ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። በዓመታት ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ተከተለው፤ በኋላም ለየቀኑ አንድ ቃል የሚሰጥ ዝርዝር ይወጣለት ጀመር። ወሩ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ይውላል።

እኔ ግን ጥቅምትን ከ1 እስከ 30 ያዙ እላለሁ። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር አይረዝምም፣ አያጥርም፤ ሠላሳ ብሎ ይቆማል። የቀኑም ቁጥር ከአፋችን አይጠፋም። በ12 ሚካኤል ነው፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። ስንተኛው ቀን ላይ እንዳሉ ስልክ ማየት ሳያስፈልግዎ ጎረቤት ይነግርዎታል። ክረምቱም ወጥቷል፤ ሰማዩ ጠርቶ የማለዳው ብርሃን ነገሮችን በአንድ ጎን ያበራል፣ ጥላቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ እውነት ነው። እጅዎን በትኩስ ስኒ ያሙቁትና ይሳሉ። ወር ሙሉ የሚያስፈራዎት ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን አለችልዎ። በአብዛኛው ዓመት አምስት ቀን፣ አምስት ስዕል። ለመሞከሪያ ከእርሷ የተሻለ ወር የለም።

ለዝግጅቱ ብዙ አይድከሙ። ስምንት ኤ4 ወረቀት ይግዙ፤ እያንዳንዱን አራት ቦታ ይቁረጡት፤ 32 ቁራጭ ይሆናል። ሠላሳው ለወሩ፣ ሁለቱ መጠባበቂያ። በመርፌና ክር ጠርዙን ይስፉት። እንዲህ ያለች ደብተር ኪስ ትገባለች፤ ትንሽነቷም ሌላ ጥቅም አላት፤ አንድ ገጽ በአሥር ደቂቃ ይሞላል። ትልቅና ውድ ደብተር የገዙ ሰዎች ገጹን እንዳያበላሹ እየፈሩ ባዶውን ሲያስቀምጡት አይቻለሁ። መሳያው ተራ እስክርቢቶ ይሁን። እርሳስ አይያዙ፣ ላጲስም እንዲሁ። ላጲስ የያዘ ሰው አሥሩን ደቂቃ አንድ አፍንጫ ሲያጠፋና ሲያስተካክል ይጨርሰዋል። የተሳሳተውን መስመር ይተዉትና አጠገቡ ሌላ ያስምሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የቱ ትክክል እንደሆነ ዓይንዎ ይፈርዳል።

በቀለም መሥራት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአገራችን ቁም ጸሐፊ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል በሙጫ አዋሕዶ፣ ለወራት አቡክቶ ያዘጋጀው ነበር። መቃውን ይቀርጻል፤ ቀለሙን በቀንድ ይይዛል። ብራናው ላይ ገና አንድ ፊደል ሳይጽፍ በወስፌ እየወጋ መስመሩን ያበጃል። ከተሳሳተ በምላጭ መፋቅ ይችላል፤ ነገር ግን ብራናው ይሳሳል፣ ምልክቱም አይጠፋም። ስለዚህ ብዕሩን ከማሳረፉ በፊት ያያል። እስክርቢቶ ይዘው ሲቀመጡ ይህንን ልምድ ያስቡት፤ ከመስመሩ በፊት ረጅም እይታ።

«እጄ አይታዘዝልኝም፤ እኔ ቀጥ ያለ መስመር እንኳ አላሰምርም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ለዚህ መልስ አለኝ። ፊደል ቆጥረዋል? 33ቱን ፊደል በሰባት ሰባት ቤት፣ 231 ቅርጽ እጅዎ ያውቃል። «ጨ»ን ከ«ጠ» የሚለየውን፣ «ዥ» ላይ የሚወጣውን ያንን ትንሽ ቅጥያ በልጅነትዎ አይተው፣ ለይተው፣ መልሰው ስለዋል። ሆዱ የቱ ጋ እንደሚሰፋ፣ እግሩ የት እንደሚቆም ያውቃሉ። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ዕድሜ ልኩን የሠራባቸው ሸራዎች ከእነዚሁ ፊደላት የተነሡ ናቸው። «ቈ»ን የጻፈ እጅ ስኒ ለመሳል አያቅተውም። የጎደለው ልምምድ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስኒውን እንደ አዲስ ፊደል የማየት ትዕግሥት።

ለየቀኑ የሚሆን ቃል ከሩቅ አገር ዝርዝር አይበደሩ። ዘንዶና የጠፈር መርከብ እየሳሉ ወር መግፋት ይቻላል፤ ግን አጠገብዎ ያለውን ሳያዩት ያልፋል። እኔ የጻፍኩት ዝርዝር ከመንገዴ የተለቀመ ነበር፦ የባጃጅ መስተዋት፣ ከሰል የያዘ ማዳበሪያ፣ የሊስትሮ ሣጥን፣ የቢራ ሣጥን (ሜታ ቢራ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነዋሪ ይህን መዝለል አይችልም)፣ ማቶት፣ የተቀደደ ጃንጥላ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ልጥ። ቡራዩ የሚኖር ሰው የገፈርሳን ውኃ ይጨምር፤ ሱሉልታ ያለ ደግሞ ሜዳውንና የድርቆሽ ክምሩን። ወረዳዎ ምን እንደሚመስል የሚነግርዎት ይህ ዝርዝር ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ በየቀኑ የሚፈርስና የሚገነባ አለ። በጥቅምት 6 የሳልኩት የጭቃ አጥር ወሩ ሳያልቅ በብሎኬት ተተክቷል። አሁን ያለው ወረቀቴ ላይ ነው።

ስለ አንዱ ቀን በዝርዝር ልንገርዎ። ጥቅምት 9 ቃሉ «ጀበና» ነበር። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ አንዲት እህት አለች፤ ከሥራ መልስ እዚያች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ጀበናውን ሳላይ በጭንቅላቴ ካለው ሳልኩ። ክብ ሆድ፣ ቀጭን አንገት፣ አንድ እጀታ። ሙዚየም ማስታወቂያ ላይ የሚታተም ዓይነት ጀበና ሆነ። ከዚያ ገጹን ገለበጥኩና ከፊቴ ያለውን ማየት ጀመርኩ።

ሆዱ ክብ አልነበረም። ከሥሩ ጠፍጠፍ ብሎ በአንድ ጎን ያበጠ ነው፤ እሳቱ በኩል ያለው ጎን ጠቁሮ አመድ የመሰለ ሽፋን ይዟል። አንገቱ ቀጥ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ወደ እጀታው ትንሽ ያዘነብላል። እጀታው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ የሽቦው ጫፍ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ እጅ እንዳይወጋ። አፉ ላይ የተሸጎጠው ውታፍ በእንፋሎቱ ረጥቦ ተጨማድዷል። ከማቶቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ጥላ አለ፤ ከጀበናው ራሱ ይልቅ የሚጠቁረው እዚያ ነው። ያን ጥላ ባጠቆርኩት ጊዜ እስከዚያ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የነበረው ጀበና ቁጭ አለ። የገረመኝ ይህ ነው። ሆዱን ደጋግሜ ሳሻሽል አልቀመጥ ያለኝ ዕቃ፣ ከሥሩ ሁለት ጭረት ሲጨመርለት ከበደ።

ልጅቷ ወደ ወረቀቱ አንገቷን አስግጋ «ምን እየጻፍሽ ነው እህቴ?» አለችኝ። አሳየኋት። ትንሽ ዝም ብላ «ሽቦውንም አየሽው?» አለች። ሽቦውን ያሰረችው ራሷ ነበረች።

ከፈለጉ በዚሁ ዕቃ ሌላ ልምምድ ይሥሩ። ኪሞን ኒኮላይዲስ የተባለ የስዕል መምህር፣ እርሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1941 በታተመው መጽሐፉ ያስፋፋው ዘዴ ነው፦ ወረቀቱን ፈጽሞ ሳያዩ፣ ዓይንዎን የዕቃው ጠርዝ ላይ ተክለው፣ ዓይንዎ በሚሄድበት ፍጥነት እስክርቢቶውን ያንቀሳቅሱ። የሚወጣው ስዕል የተዛባ ይሆናል፤ አፉ ሆዱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አይጣሉት። በዚያ ቀን ዓይንዎ እየዳሰሰ የሄደበት መንገድ እርሱ ነው። መዳሰስ ያልኩት በከንቱ አይደለም። በከተማችን መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ፤ ተማሪዎቹ ገጽ ሙሉ ታሪክ በጣታቸው ጫፍ ያነባሉ። ከዚያ ተምሬ፣ ከመሳሌ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ዕቃውን በእጄ እዞረዋለሁ። ጣት የነካውን ጠርዝ ዓይን በቀላሉ አይስተውም።

አሁን ወደ አስቸጋሪዎቹ ቀናት ልሂድ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት በሆታ ያልፋሉ። ከስምንተኛው እስከ ዐሥራ ስድስተኛው ያለው ነው ሰውን የሚጥለው። ስዕሉ እየከፋ የሄደ ይመስልዎታል፤ የከፋው ግን ስዕሉ አይደለም። ዓይንዎ ከእጅዎ ቀድሞ ስለሄደ፣ በመጀመሪያው ቀን የማያዩትን ስሕተት አሁን ያዩታል። ይህ ስሜት ሲመጣ ወሩ መሥራት እንደጀመረ ይወቁ።

በእነዚያው ቀናት መሐል አንዱ ያመልጥዎታል። እኔን ጥቅምት 13 አመለጠኝ። ጎረቤት ለቅሶ ነበረ፤ ድንኳን ተተክሎ፣ እድርተኛው ተሰብስቦ፣ እኔም ከሴቶቹ ጋር ሳስተናግድ አመሸሁ። በማግስቱ «እንግዲህ ተበላሽቷል» የሚል ሐሳብ መጣ፤ ደብተሯንም ሁለት ጊዜ ከቦርሳ አውጥቼ መለስኳት። ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ቆም ብለን እንየው።

ፊሊፓ ላሊ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንድ አዲስ ነገር በየቀኑ እንዲያደርግ ተጠየቀ፤ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍሬ መብላት። ነገሩ ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ካዩት አካሄድ ተነሥተው በስሌት እንደገመቱት ከ18 እስከ 254 ቀን፣ አማካዩም 66 ቀን ገደማ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው በዚህ ጥናት ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ውጤት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አያያዝ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጎዳውም። ስለዚህ ያመለጠውን ቀን ገጽ ባዶውን ይተዉት። ቀኑን ብቻ ይጻፉበት። በማግስቱ ሁለት ስዕል ለመሳል አይሞክሩ፤ ዕዳ የሆነ ነገር ይጠላል። የእኔ ደብተር ውስጥ «ጥቅምት 13፣ ለቅሶ» የሚል ገጽ አለ። ከሁሉም ገጽ ቶሎ ቀኑን የሚያስታውሰኝ እርሱ ነው።

በጣም ሲደክምዎ የሚይዙት አነስተኛ ግዴታ ይኑርዎ። የእኔ አንድ ስኒ ነበር። ምንም ሳልስል ልተኛ ስል ስኒ ሳልኩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በወሩ ውስጥ አራት ስኒዎች አሉ። መብራት የጠፋበት ማታ ደግሞ ሻማ አብርቼ ስኒውን ሳይሆን ግድግዳው ላይ የወደቀ ጥላውን ሳልኩ። የሻማ ብርሃን ለጀማሪ ትልቅ አስተማሪ ነው። አንድ ምንጭ ብቻ ስላለው ብሩሁና ጥቁሩ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል፤ በመሐል ያለው ግራጫ ሁሉ ይጠፋልዎታል።

ውጭ መሳልን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። ሰው ሲስሉ ያስፈቅዱ፤ ፈገግታ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ እንቢ ካለ ደግሞ ጫማውን ወይም ዘንቢሉን ይሳሉ። ጥበቃ ያለበትን ግቢና ኬላን ግን ይተዉ፤ እስክርቢቶ ይዞ የሚያተኩር ሰው ጥርጣሬ ያስነሣል፣ ወታደሩም ሥራው ነው። ሌላ ቦታ የሚገጥምዎ ተመልካች ከሞላ ጎደል ደግ ነው። ታክሲ ውስጥ የአጠገቤ ሰዎች ስዕሌን ሲያዩ ስልካቸውን ያስቀምጡና መስኮቱን ማየት ይጀምራሉ። ልጆች ግን ያርማሉ። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የበሬዬን ቀንድ አይቶ «ይሄ እኮ ወደ ፊት ነው የሚሄደው» አለኝ። ትክክል ነበር።

ተማሪ ለሆነ አንባቢ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ቃሉን ደጋግመው ከሚጽፉት ይልቅ ነገሩን ሲስሉት በተሻለ አስታውሰውታል፤ የስዕሉ ማማር ለውጥ አላመጣም። የባዮሎጂ ፈተና ያለበት ልጅ የልብን ክፍሎች ሦስት ጊዜ ከሚገለብጥ አንዴ ይሳላቸው። ጭንቀት ለሚያስቸግረውም በዚያው ዓመት በአሜሪካ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ፦ 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በሸክላ ጭቃና በወረቀት ከሠሩ በኋላ፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን በምራቃቸው ውስጥ ቀንሶ ተገኝቷል። የስዕል ልምድ ያለውና የሌለው ልዩነት አላሳዩም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መድኃኒት አገኘን አያሰኝም። ከታክሲ ሰልፍ በኋላ ቢሮ ስገባ ትከሻዬ እንደ ቀድሞው አለመወጠሩን ግን እኔም እመሰክራለሁ።

ወሩን ለመፈጸም ቡድን ይረዳል፤ ግን ከሦስት ሰው አይብለጥ። እኔ፣ የእህቴ ልጅና አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ነበርን። ማታ ማታ ፎቶ እንላላካለን፤ ደንባችን አንድ ብቻ ነው፦ «ያምራል» አይባልም። «ጥላው የት ሄደ?»፣ «ይሄ እጅ የማን ነው?»፣ «በሩ ክፍት ነው ዝግ?» ይባላል። ሙገሳ ቶሎ ያረካና ያቆማል፤ ጥያቄ ግን በማግስቱ ዕቃው ዘንድ ይመልስዎታል።

ጥቅምት 30 እንደገና ወጨጫን ሳልኩት። በዚያው ሰልፍ፣ በዚያው ሰዓት። ጀርባውን አንድ ረጅም መስመር ሰጠሁት፤ ወደ ምዕራብ ሲወርድ መስመሩን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፣ ጉሙ የሚያቋርጠው እዚያ ስለሆነ። ሥሩ ያሉትን ባሕር ዛፎች በጭረት ብቻ አለፍኳቸው። ከዓመታት የሠዓሊ ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ወጨጫ ነው። ተሰላፊው ከትከሻዬ በላይ አይቶ ስሙን ጠራው።

ኅዳር 12 ቀን ደብተሯ አልቃ ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰዉን ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ሰፈራችንም ከማለዳው ጀምሮ ሲታጠን ነበር። ጢሱን መሳል አማረኝ፤ በጥቁር እስክርቢቶ ነጭ ጢስ እንዴት ይሳላል? ያገለገለ ደረሰኝ ጀርባውን ገለበጥኩና ከጢሱ በኋላ ያለውን ሁሉ መሳል ጀመርኩ። አጥሩን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ የጎረቤቴን ቆርቆሮ በር፣ መጥረጊያ ይዛ የቆመችውን አሮጊት። ጢሱ ባለበት ቦታ ሁሉ እጄን አነሣሁ። ሲያልቅ ወረቀቱ መሐል ላይ ያልነካሁት ነጭ ነገር ከአጥሩ በላይ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።